ካንሰሩ መድኃኒቱን ሲላመድ፦ ስለ ኩላሊት ካንሰር በሰፊው ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ኩላሊት ካንሰር የተጻፈና ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ለእኔም ደርሶኛል፤ ከላኩልኝ ሰዎች መካከል ወላጆቻቸው በሕክምና ላይ ያሉ ስለሚገኙበት ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ ነው። ጸሐፊው የተነሡበት ዓላማ ቤተሰቦች ውጤት በማያመጣ ሕክምና ጥሪታቸውን እንዳያሟጥጡ ማስጠንቀቅ መሆኑ ከመግቢያው ይታያል፤ አጻጻፋቸውም ማንም ሊረዳው የሚችል ነው። ሐሳቡ ይህን ያህል ሩቅ መሄዱም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ሐሳባቸውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር መድኃኒቱን የሚላመደው፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ሁሉ፣ ታካሚው ኪኒኑን እያቆራረጠ ሲወስድ ነው ይላሉ። በሲቲ ስካን ዕጢው አድጎ ከታየ መድኃኒቱ አክትሞለታልና ወዲያውኑ መቆም አለበት፤ አንዱ ኪኒን ካልሠራ ሌሎቹም የዚያው ቤተሰብ አባላት ስለሆኑ መግዛቱ ብክነት ነው፤ አቅም ያለው ግን ኢሚዩኖቴራፒውን (የሰውነትን የመከላከያ ኃይል በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣውን ሕክምና) ሳያቋርጥ ሌላ መድኃኒት ቢደርብበት ይሻለዋል፤ የዘረመል ምርመራ ሳይደረግ የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ ግምት ነው፤ ሐኪሞች ኬሞቴራፒን ለምን እንደሚነፍጉ ግልጽ አይደለም። መደምደሚያቸው ደግሞ ይህ ሁሉ ካልተሳካ ሐኪም ሊያደርገው የሚችል ነገር አይኖርም የሚል ነው።

ከእነዚህ መካከል ከፊል እውነት የያዙ አሉ፤ እውነቱንም ባለበት እቀበላለሁ። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ስሕተት ግን መድኃኒት ሥራውን ማቆሙን አንድ ምክንያትና አንድ ፍርድ ብቻ እንዳለው ነገር መቁጠራቸው ነው። በካንሰር መድኃኒቶች እደላ ላይ የሚሠራ ፋርማሲስት «ካንሰሩ መድኃኒቱን ተላመደ» ተብለው ሲጠሩ የሚሰማቸው በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፦ መድኃኒቱ በበቂ መጠን ወደ ደም ያልገባበት፣ ከመጀመሪያው ያልሠራበት፣ ለወራት ወይም ለዓመታት ሠርቶ የደከመበት፣ በሌላው ቦታ ሁሉ እየሠራ በአንድ ቦታ ብቻ የተሸነፈበት። የአንዱ መፍትሔ ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የምለው በዋነኛነት ክሊር ሴል የተባለውን፣ ከኩላሊት ካንሰር ታካሚዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚይዘውን ዓይነት የሚመለከት ነው።

ከሳንባ ነቀርሳው ንጽጽር ልጀምር። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በአገራችን የታወቀ ችግር ስለሆነ ንጽጽሩ ለአንባቢ ቶሎ ይገባል፤ ለታካሚው ግን የእሱ ያልሆነ ጥፋት ያሸክመዋል። ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉት የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒቶች በሆስፒታል ውስጥ፣ በነርስ እጅ፣ በደም ሥር የሚሰጡ ናቸው፤ ታካሚው ቤቱ ሆኖ የሚረሳው ኪኒን የለም። ሁለቱን በጥምረት ሱኒቲኒብ ከተባለው ኪኒን ጋር ባወዳደረውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ትልቅ ጥናት፣ መካከለኛና ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ታካሚዎች መካከል ጥምረቱን ከወሰዱት የ42 በመቶዎቹ ዕጢ በጉልህ ሲቀንስ፣ የ20 በመቶ ያህሉ በሽታ ግን ሕክምናውን ከቁብ ሳይቆጥር እየባሰ ሄዷል። እነዚህ ሰዎች ያቆራረጡት ምን ነበር?

ምክንያቱ የሚገኘው በዕጢው ውስጥ ነው። ይህ ካንሰር በአብዛኛው የሚጀምረው ቪኤችኤል የተባለው ዘረመል የሚገኝበት የሦስተኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ሲጠፋ ሲሆን፣ በ2018 የታተመ ምርምር እንዳሳየው ይህ መጥፋት በብዙ ታካሚዎች ላይ የሚደርሰው በልጅነት ወይም በጉርምስና ዘመን፣ ማለትም በሽታው ከመታወቁ ከአሥርት ዓመታት በፊት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሕዋሳቱ እየተባዙና እርስ በርስ እየተለያዩ ስለሚቆዩ፣ የመጀመሪያው ኪኒን ሲዋጥ አንዳንዶቹ መድኃኒቱን መቋቋም የሚችሉ ሆነው ይጠብቁታል። ቪኤችኤል የሌለው ሕዋስ ኦክስጅን እንዳጠረው ሆኖ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይጠራል፤ ሱኒቲኒብና ፓዞፓኒብ የተባሉት ኪኒኖች የሚዘጉትም ይህንኑ ጥሪ የሚቀበሉትን ተቀባዮች ነው። በቤተ ሙከራ እንደታየው ደግሞ ሕዋሳቱ ለረዥም ጊዜ ከሱኒቲኒብ ጋር ሲቆዩ ሜትና አክሰል የተባሉ ሌሎች ተቀባዮቻቸውን ያበራክታሉ፤ ዋናው መንገድ ሲዘጋበት በሌላ በኩል የሚዞር መንገደኛ ዓይነት ነገር ነው። ኪኒኑን በሰዓቱ የዋጠ ታካሚም ይህ ይደርስበታል።

ይሁን እንጂ የጸሐፊው ነጥብ ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም። መድኃኒቱ በበቂ መጠን ወደ ደም ሳይገባ «ካንሰሩ ተላመደው» የሚባልበት ጊዜ በእርግጥ አለ፤ በፋርማሲ መስኮት በኩል ሲታይ ግን ከታካሚው ግድየለሽነት ይልቅ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ ማንም ያልጠየቀው ሌላ መድኃኒት ነው። ጨጓራ በአገራችን የማያማርረው ቤት ስለሌለ ኦሜፕራዞል ያለ ማዘዣ ተገዝቶ ለወራት ይወሰዳል። ፓዞፓኒብ ግን በጨጓራ ውስጥ አሲድ ይፈልጋል፤ የኦሜፕራዞል የቅርብ ዘመድ ከሆነው ኢሶሜፕራዞል ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በ40 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ የሚብሰው የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ነው። ሪፋምፒሲን እነዚህን ኪኒኖች የሚያፈርሱትን የጉበት ኢንዛይሞች ስለሚያነቃቃ የሱኒቲኒብን መጠን በ46 በመቶ፣ ካቦዛንቲኒብ የተባለውን ሌላ የኩላሊት ካንሰር ኪኒን ደግሞ በ77 በመቶ እንደሚቀንስ ተለክቷል። ካቦዛንቲኒብ እየወሰደ የቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው ከካንሰር መድኃኒቱ ሩብ ያህሉን ብቻ እያገኘ ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለው ታካሚ ላይ ዕጢው ቢያድግ ኪኒኑ ተፈተነ ለማለት አያስደፍርም።

በተቃራኒው አቅጣጫም ችግር አለ። ፓዞፓኒብ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ በባዶ ሆድ መወሰድ ሲገባው፣ ሆዴን እንዳያመኝ ብሎ ከምሳ ጋር የሚወስደው ሰው በደሙ ውስጥ የሚገኘውን መጠን በእጥፍ ያህል ይጨምረዋል፤ ተቅማጡና ድካሙ ሲበረታበት ደግሞ መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብሎ ይተወዋል። የደም ግፊት መጨመርንም ብዙዎች መድኃኒቱን ለማቆም እንደ ምክንያት ይወስዱታል። በሱኒቲኒብ ላይ የተደረጉ ትንተናዎች የሚያሳዩት ግን ግፊታቸው የጨመረ ታካሚዎች ካልጨመረባቸው የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው እርምጃ በአብዛኛው ግፊቱን በግፊት መድኃኒት እያከሙ መቀጠል ነው። የመዳፍና የውስጥ እግር መላጥ ለበረታበት ሰው፣ አራት ሳምንት ተወስዶ ሁለት ሳምንት የሚታረፍበትን የሱኒቲኒብ አወሳሰድ ሐኪሙ ወደ ሁለት ሳምንት መውሰድና አንድ ሳምንት ማረፍ ሊቀይርለት ይችላል። በታቀደ ዕረፍትና በማቆራረጥ መካከልም ልዩነት አለ፦ በብሪታኒያ 920 ታካሚዎችን ያሳተፈና በ2023 የታተመ ጥናት፣ በሽታቸው ለተረጋጋ ሰዎች በሐኪም ክትትል የተሰጠ ዕረፍት ዕድሜን በጉልህ እንደሚያሳጥር አላየም። ጸሐፊው ማቆራረጥን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ መውቀጣቸው ይህን ልዩነት ሰውሮባቸዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ሲቲ ስካኑ ነው። ዕጢ ማደጉ ከባድ ምልክት መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን በዓለም አቀፉ መለኪያ በሽታው ባሰ የሚባለው የሚለኩት ዕጢዎች ዲያሜትር ድምር ዝቅተኛ ከነበረበት ልክ ቢያንስ በ20 በመቶና በ5 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ወይም አዲስ ዕጢ ሲታይ ነው። ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው የታየ የጥቂት ሚሊ ሜትር ጭማሪ ብቻውን በሽታው ባሰ አያሰኝም፤ በተለይ ሁለቱ ምስሎች በተለያየ ማዕከልና በተለያየ መሣሪያ የተነሡ ከሆነ። የደም ሥር የሚዘጉት ኪኒኖች የዕጢውን እምብርት ገድለው ስፋቱን ሳይለውጡ የሚተዉበት ጊዜ ስላለ፣ ስፋት ብቻውን ሙሉውን ታሪክ አይናገርም። በኢሚዩኖቴራፒ በኩልም ኒቮሉማብን ኤቨሮሊመስ ከተባለ ኪኒን ጋር ባነጻጸረው ጥናት ውስጥ፣ በሽታው ባሰ ከተባለ በኋላም ኒቮሉማብ እንዲቀጥሉ ከተደረጉት 13 በመቶ ያህሉ በኋላ ዕጢያቸው በ30 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ለሁሉም ሰው ይቀጠል ለማለትም አይበቃም። «ወዲያውኑ ይቁም» የሚለውን ደንብ ለማፍረስ ግን ይበቃል።

ስለ አንድ ቦታ ብቻ መሸነፍም ጸሐፊው ያነሡት ነገር የለም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። በሳንባና በሊምፍ ዕጢዎች ያለው በሽታ ጸጥ ብሎ በአከርካሪ አጥንት ላይ ያለ አንድ ዕጢ ብቻ ሲያድግ፣ ያንን አንዱን በቀዶ ጥገና ወይም በተነጣጠረ ከፍተኛ የጨረር ሕክምና አክሞ መድኃኒቱን ባለበት ማስቀጠል የታወቀ አሠራር ነው። በጽሑፉ ምክር የሄደ ታካሚ በዘጠኝ ቦታ የሚሠራለትን መድኃኒት በአሥረኛው ምክንያት ይጥላል። ሌላ ሳይተካ በድንገት ማቆምም ያለ አደጋ አይደለም፤ በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት የደም ሥር የሚዘጋው መድኃኒት ከቆመ በሰባት ቀን ውስጥ ዕጢው የደም ሥሮቹን መልሶ ዘርግቷል። አይጥ ሰው አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ የሚቀጥለው ሕክምና ሳይወሰን ወራት እንዲያልፉ መፍቀድ ግን ለምን እንደሚያሳስብ ያስረዳል።

«አንዱ ካልሠራ ሁሉም አይሠራም» የሚለው ሦስተኛ ነጥብ በጽሑፉ ውስጥ ጉዳቱ የሚከፋው ነው፤ በቀጥታ በተቆጠረ ማስረጃ የሚፈርሰውም እሱ ነው። አክሲቲኒብ ከሱኒቲኒብ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያ መድኃኒታቸው ላልሠራላቸው ሰዎች ሲሰጥ በሽታውን ለ6.7 ወራት ሲያቆም፣ የዚያው ቤተሰብ አባል የሆነው ሶራፌኒብ ያቆመው ለ4.7 ወራት ነበር። ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ እንኳ መለያየት አለ። ካቦዛንቲኒብ ደግሞ ከደም ሥር ተቀባዮች በተጨማሪ ከላይ የጠቀስኳቸውን ሜትና አክሰልን ስለሚዘጋ፣ ዕጢው የዞረበትን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል። ቀድሞ ከዚህ ቤተሰብ ኪኒን ወስደው ባልተሳካላቸው 658 ታካሚዎች ላይ ከኤቨሮሊመስ ጋር ሲወዳደር፣ ግማሹ ታካሚ የኖረበት ጊዜ 21.4 ወር ሆኖ በኤቨሮሊመስ በኩል 16.5 ወር ነበር። በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ለነበሩ 821 ታካሚዎች ኒቮሉማብ ሲሰጥ ይኸው ልኬት 25 ወር ሲደርስ፣ በኤቨሮሊመስ 19.6 ወር ሆኗል። ደካማ ተወዳዳሪ ተደርጎ የሚቀርበው ኤቨሮሊመስ ራሱም ቢሆን ቀደም ሲል ከማስመሰያ ኪኒን ጋር ተወዳድሮ በሽታውን ለረዘመ ጊዜ በማቆም አሸንፏል፤ ሌንቫቲኒብ ከተባለ ሌላ ኪኒን ጋር ሲጣመር ደግሞ በሽታው ሳይብስ የቆየበት ጊዜ ለብቻው ከሰጠው 5.5 ወር ወደ 14.6 ወር አድጓል።

ከእነዚህ ሁሉ የተለየ አሠራር ያለው ቤልዙቲፋን የተባለው መድኃኒት ነው። ቪኤችኤል ሲጠፋ የሚከማቸውን ሂፍ ሁለት አልፋ የተባለውን ፕሮቲን በቀጥታ ይይዛል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከኢሚዩኖቴራፒና የደም ሥር ከሚዘጉት ኪኒኖች በኋላ በሽታቸው ለባሰ ታካሚዎች የፈቀደው በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። በ22 በመቶ ታካሚዎች ዕጢ ሲቀንስ ኤቨሮሊመስ ከወሰዱት የቀነሰላቸው 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጸሐፊው «ተአምር አትጠብቁ» ያሉት እዚህ ላይ ይስማማኛል፤ ቤልዙቲፋን ዕድሜ እንዳራዘመ በዚያ ጥናት አልተረጋገጠም፤ ይህን የመድኃኒት ዓይነት በተመለከተም መድኃኒቱ ከፕሮቲኑ ጋር እንዳይጣበቅ የሚያደርግ የዘረመል ለውጥ በታካሚዎች ላይ ታይቷል።

የገንዘቡን ጉዳይ ግን ማቃለል አልፈልግም። ኢሚዩኖቴራፒም ሆነ ካቦዛንቲኒብ ለአብዛኛው የአገራችን ታካሚ ከአቅም በላይ ነው፤ ለአምስት ወር ዕድሜ ቤት መሸጥ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ የታካሚውና የቤተሰቡ ነው። ቤተሰብ «አይሠራም» ስለተባለ መተውና «ይሠራል፣ ይህን ያህል ይሠራል፣ ዋጋው ግን አይቻለንም» ብሎ መወሰን ግን አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ውሳኔ ረከስ ያለውን አማራጭ፣ ለምሳሌ የፈጣሪው ኩባንያ ባለቤትነት መብት ያበቃበትን ኪኒን፣ ለመጠየቅ በር ይከፍታል፤ የመጀመሪያው ይዘጋዋል።

አቅም ላለው የተሰጠው ተቃራኒ ምክር፣ ኢሚዩኖቴራፒውን ይዞ ሌላ መደረብ የሚለው፣ በጽሑፉ ውስጥ ያለ የሚገርም መጣረስ ነው፤ ድሃው ሁሉንም እንዲተው ሀብታሙ ሁሉንም እንዲወስድ ይመክራልና። መነሻው ትክክል ነው፦ ገና ሕክምና ላልጀመረ ታካሚ ጥምረት ከብቸኛ ኪኒን በልጧል፤ ኒቮሉማብ ከካቦዛንቲኒብ ጋር በሽታውን ለ16.6 ወራት ሲያቆም ሱኒቲኒብ ያቆመው ለ8.3 ወራት ነበር። ነገር ግን ኢሚዩኖቴራፒ ወስዶ በሽታው ለባሰበት ሰው ያንኑ ዓይነት መድኃኒት መድገም ይጠቅማል ወይ የሚለው ለብቻው ተፈትኗል። በ2023 በታተመው የ522 ታካሚዎች ጥናት፣ በካቦዛንቲኒብ ላይ አቴዞሊዙማብ የተባለ የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒት የተጨመረላቸው ሰዎች በሽታ ሳይብስ የቆየው 10.6 ወር፣ ካቦዛንቲኒብን ብቻ የወሰዱት ደግሞ 10.8 ወር ነበር፤ ከባድ የጤና ችግር የደረሰባቸው ግን 48 በመቶ ለ33 በመቶ ሆነው የተደረበላቸው በዝተዋል። በቀጣዩ ዓመት ቲቮዛኒብ የተባለውን የደም ሥር የሚዘጋ ኪኒን ብቻውንና ከኒቮሉማብ ጋር ያወዳደረ ሌላ ጥናት ወጣ፤ በሽታው ሳይብስ የቆየው ብቻውን 7.4 ወር፣ በጥምረት 5.7 ወር ነበር። በጥምረቱ ውስጥ የቲቮዛኒብ መጠን ከ1.34 ወደ 0.89 ሚሊ ግራም ዝቅ ተደርጎ ነበርና፣ አዲሱን መድኃኒት ለማስገባት ሲባል የሚሠራውን መቀነስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል። እነዚህ ሁለት ጥናቶች ከመውጣታቸው በፊት ቢጻፍ ኖሮ የጸሐፊው ምክር ምክንያታዊ ግምት በተባለ ነበር። አሁን ግን ቤተሰቡን እጅግ ውድ ለሆነና ለማይጠቅም መርፌ የሚዳርግ ነው፤ እሳቸው ሊከላከሉ የተነሡትም ይህንኑ ነበር።

በዘረመል ምርመራው ላይ አጭር እሆናለሁ። ለክሊር ሴል የኩላሊት ካንሰር «ይህ ለውጥ ካለ ይህን ኪኒን ስጡ» የሚያሰኝ የተረጋገጠ የዕለት ተዕለት ምርመራ የለም። በ2012 የታተመና ከአንድ ታካሚ ዕጢ ከብዙ ቦታ ናሙና የወሰደ ምርምር፣ ከዘረመላዊ ለውጦቹ ከ63 እስከ 69 በመቶ የሚሆኑት በሁሉም የዕጢው ክፍሎች ውስጥ እንዳልተገኙ አሳይቷል፤ ስለዚህ አንድ መርፌ የቀዳው ናሙና የዕጢውን ሁሉ ጠባይ አይናገርም። ምርመራው በእርግጥ የሚያስፈልገው በወጣትነት ለታመመ፣ በሁለቱም ኩላሊት ዕጢ ለወጣበት ወይም በቤተሰቡ ተመሳሳይ በሽታ ላለበት ሰው ነው፤ በዘር የሚተላለፈው የቪኤችኤል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከ2021 ጀምሮ ቤልዙቲፋን ተፈቅዶላቸዋል። ከዚህ ውጭ ሐኪሙ የሚመርጠው ቀድሞ በተወሰደው መድኃኒት፣ ያ መድኃኒት በሠራበት ጊዜ ርዝመት፣ በታካሚው አቅምና በሌሎች በሽታዎቹ ነው፤ ይህን ግምት ብሎ መጥራት አግባብ አይደለም።

ኬሞቴራፒውም የተነፈገ ነገር አይደለም። የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳት ባዕድ ንጥረ ነገሮችን ወደ ውጭ የሚገፋ ፒ ግላይኮፕሮቲን የተባለ ፓምፕ በተፈጥሯቸው አላቸው፤ ከእነሱ የሚወጣው ካንሰርም ይህንኑ ይወርሳል። በ1995 የታተመና ከ4,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች የሰበሰበ ግምገማ፣ በኬሞቴራፒ ዕጢያቸው የቀነሰላቸው 6 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ዘግቧል። ብርቅ በሆኑ ሌሎች ዓይነቶች፣ ለምሳሌ ሜዱላሪ በተባለው ላይ ግን ኬሞ ይሰጣል፤ ባዮፕሲው (ከዕጢው ናሙና ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ) ዓይነቱን በትክክል መለየቱ አስፈላጊ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረው የጽሑፉ መደምደሚያ ነው፤ ሐኪም ከዚህ በኋላ የሚያደርገው የለም የሚለው። ዕጢውን የሚያቆም መድኃኒት ያለቀበት ታካሚ አለ፤ ይህን መደበቅ ለማንም አይጠቅምም። ይሁን እንጂ የኩላሊት ካንሰር አጥንት ላይ ሲሰፍር የሚያመጣውን ሕመም በአንድ ጊዜ በሚሰጥ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር ብቻ ማስታገስ ይቻላል፤ ሕመምን በመቀነስ በኩል በብዙ ቀናት ተከፋፍሎ ከሚሰጠው ጋር እኩል መሆኑም በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። በአገራችን ለረዥም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይገኝ የነበረው የጨረር ሕክምና ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም መሰጠት ጀምሯል። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን፣ የደም ማነስን ማከም፣ አከርካሪን የሚጫን ዕጢ እግርን ከማሽመድመዱ በፊት ቶሎ መድረስ፣ እነዚህ ሁሉ ካንሰሩ መድኃኒቱን ቢላመድም ባይላመድም ይሠራሉ። የወገብ ሕመሙ በድንገት የበረታበት፣ እግሩ የዛለበት ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ታካሚ ጽሑፉን አምኖ ቤቱ መተኛት የለበትም፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መቅረብ አለበት።